ዘንበል

መሐል ሜዳ ላይ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት፣
ጉም ሳያንኳኳ የሚገባባት ፎቶ ቤት
አለችኝ፤ የሰው ፊት እያየሁ ነው የምበላ፣
ሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ሙያ የለኝ ሌላ።

«አገጭ ቀና፣ ትከሻ ዝቅ፣ ዓይን ወደዚህ» ስል፣
ለመታወቂያ፣ ለሠርግ፣ ለሙት ዓመት ምስል፣
ደጅ የቀረው ውሻ፣ በመስኮቴ በኩል፣
አገጩን ያቀናል ከጌታው ጋር እኩል።

እመኑኝ፣ ይመስላል።
የወይዘሮ የውብዳር፣ የጠላ ቤቷ ውሻ፣
ዱቤ የጠጣን ሰው ያውቃል ከነመሸሻ፤
የመሬት አስተዳደር የጸሐፊው ደግሞ፣
አይነሣም ከቦታው አጥንት ካልታየ ቀድሞ፤
የዳኛው እንቅልፋም፣ የአስተማሪው ከሲታ፣
ወሩ ሲጋመስ ነው የሚጮኸው ማታ።

ነገሬ ግን ሌላ፤ ስለ ጋሽ ዘርጋው ነው፣
የወፍጮው ዘበኛ፣ ባናውን የማያወልቀው፤
ግራ እግሩን በልጅነት ያልሆነ ወጌሻ
አጣሞ ጠግኖት፣ እስከ መጨረሻ
አንድ እርምጃ ለምድር፣ አንድ እርምጃ ለነፋስ
እየከፈለ ነው እቤቱ የሚደርስ።

ውሻው «ምናለበት»፤ ስሙን ለጎረቤት
ነው ያወጣው አሉ፣ ነገር ነበረበት።
ስሙን ተዉትና አረማመዱን እዩ፦
አራት ጤና እግር ይዞ ግራውን ያነሣል፤
ጋሽ ዘርጋው ሲያነክስ ምናለበት ያነክሳል።

የእንስሳት ሐኪሙ አጥፎ ዘርግቶ አየው፤
«ጤነኛ ነው» አለ፣ «ልማድ ነው ያለው።»
ልጆች ከኋላቸው በሰልፍ እያነከሱ
ወፍጮ ቤት ያደርሳሉ፤ አይቆጡም እነሱ።
«ካህያ የዋለች ጊደር…» ብሎ አንዱ ሲጀምር፣
ሌላው ይጨርሳል፤ እኔ ልለፍ በክብር።

አምና በግንቦት ነው፤ ሐሞቱ ጠጥሮ
ሄደ ደብረ ብርሃን፣ ጫማ ተበድሮ።
ምናለበት ቀረ።
ዐሥራ አንድ ቀን።
በዐሥራ አንዱም ቀን፣ ከተማው ምስክር፣
በአራት እግሩ ሄደ፣ ቀጥ ብሎ፣ እንደ ወታደር።
ሮጠ። ድመት አባረረ።
«ጉድ!» አለች የውብዳር፤ «ሲያሾፍ ነው የኖረ፤
ጌታው ዞር ሲልለት ይኸው አጥር ሰበረ።»
እኔም፣ ምን ልዋሽ፣ ጠላሁት፤
አጥንት ጥዬለት ባላውቅም፣ አጥንት ነፈግሁት።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን፣ መናኸሪያው ደጃፍ፣
ጉሙ መሐል ቆመ ሚኒባስ፤ ከአፋፍ
እንደሚወርድ ሰው እግሩን እያማከረ፣
ጋሽ ዘርጋው ወረደ፤ ከስቶ ጠቁሮ ነበረ።

ምናለበት አየው።
ከሥጋ ቤቱ ጥግ እንደ ወንጭፍ ጠጠር
ተወረወረና፣ በአራት እግሩ ሲበር፣
ሊደርስ ሲል፣ ሦስት ክንድ ሲቀረው፣
ዝግ አለ።
ግራ እግሩን አነሣ፣
ትልቅ ሰው ያገኘ ባርኔጣ እንደሚያነሣ፣
እና እያነከሰ፣ እያነከሰ መጣ።

ጋሽ ዘርጋው አልሳቀም።
«ምነው፣ ደኅና ሰነበትክ?» ብቻ ነው ያለው።
ዳገቱን ጎን ለጎን ወጡ፤ ማንም ማንን አልቀደመው።

በነጋታው መጡ። «አብረን አንሣን» አለኝ።
ወንበሩን ለውሻው ሰጥቶ እሱ ቆመልኝ።
ፎቶው እጄ ላይ ነው፤ ደጋግሜ አየሁት፤
ማነከስ አይወጣም፣ በየት በኩል ላንሣው?
ሁለት ዝም ያሉ ፊቶች፣
ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል ያሉ፣
ሊሄዱ ሲሉ የተያዙ።

ማታ ሱቄን ዘግቼ ወደ ቤቴ ስወጣ፣
የኔው ውሻ ደግሞ ከኋላዬ ሲመጣ፣
(ስም እንኳ የለውም፤ «ና» ነው የምለው)
«እኔስ እንዴት ነው የምሄድ?» ብዬ ዞሬ ባየው፣
እሱም ወደ ኋላው
ዞሮ እያየ ነበር።